ለምናሴ የተቀጠፈች አበባ

ውድ እህቴ እትዬ እታለማሁ፣

ሰላምታዬ ካለሽበት ይድረስሽ። እንዴት ሰነበትሽ? ጉልበትሽስ ተሻለሽ ወይ? ጋሽ አዲሱ፣ ልጆቹ እንዴት ናቸው? ለቅሶ የተቀመጠን ሰው ደህና ነህ ወይ ብሎ መጠየቅ እንዴት ይከብዳል! ሳልጠይቅሽ ብቀር ደግሞ ይብስብኛል። ምናሴን ከቀበራችሁ ወዲህ በደወልኩ ቁጥር ሁለታችንም እናለቅስና ምንም ሳንነጋገር ካርዱ ያልቃል። ኃይሉ እሁድ ወደ አገር ቤት ስለሚበር ይህን በእሱ እጅ ልኬልሻለሁ። እኛ በአካል ደህና ነን። ሐዊም ትንሿ ልጃችን ሳሮንም ደህና ናቸው። እማዬም ደህና ናት፤ ደህና የሆነችው ግን ስላልሰማች ነው።

እስካሁን መርዶው ለምን አልተነገራትም ብለሽ እንደምታዝኚብኝ አውቃለሁ። እዚህ አገር መርዶም በሥራ ፈረቃ ነው። እንደ አገር ቤት በማንኛውም ቀን፣ ጎህ ሲቀድ ሰው ሰብስቦ በር ማንኳኳት የለም፤ ግማሹ ሰው ኤርፖርት ነው፣ ግማሹ መጋዘን፣ ሌላው ታክሲ ላይ። የእድራችን ሰብሳቢ ጋሽ ገብረ ሥላሴ፣ ሰው ሁለት ቀን እንኳ አብሯት እንዲቀመጥ ቅዳሜ ማለዳ ይሁን አሉ። የመጀመሪያው ቅዳሜ ደም ግፊቷ ተነስቶ ሆስፒታል ዋለች። ከዚያ በኋላ የተቆረጠውን ደግሞ እኔው ራሴ ለምኜ አስቀረሁት። ምክንያቴ አበባ ነው፤ ከፈለግሽ ታዘቢኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። አምና ኅዳር ላይ ጎረቤታችን፣ ከሰሜኑ ብርድ አገር መጥታ እዚህ ያረጀች ፈረንጅ፣ ለእማዬ በአጥር በኩል አንድ ከረጢት አቀበለቻት። ውስጡ የነጭ ሽንኩርት ፍንካች የሚያህሉ ሥሮች ነበሩ። ስኖውድሮፕ ይባላል፤ የበረዶ ጠብታ እንደ ማለት ነው። በእነሱ አገር በረዶው ገና ሳይቀልጥ አፈሩን ሰንጥቆ የሚወጣ ትንሽ ነጭ አበባ ነው። የዚህን አገር ሙቀት ግን አይችልም፣ እኔም ሞክሬ አልሆነልኝም ብላ ነበር፤ ያስተረጎምኩት እኔ ነኝ። እማዬ ይህንን ለምናሴ በስልክ ብታጫውተው እሱ መቼ ዝም ይላል! አግባ እያለች ስትነዘንዘው አልነበር? አንቺ በዚያ እሳት አገር የበረዶ አበባ ካበቀልሽ እኔም አገባለሁ አላት። የእናት ሆድ ዥንጉርጉር ነው፤ እኔ ብሆን እንዲህ ያለ መልስ ሳስብ ስልኩ ይዘጋ ነበር። እሷም ስቃ ስታበቃ፣ እግዜር ሰምቶሃል፣ ቃልህን እንዳታጥፍ አለችው።

ከዚያ ወዲህ ይህች አበባ የልጇ ሠርግ ሆነችባት። ጓሮ ካለው ዛፍ ሥር፣ ጥላው ላይ ተከለቻቸው። አምና ቅጠል ብቻ አሳይተው ደረቁ። በጋ ላይ ምድሩ ሲሰነጠቅ ጆንያ አልብሳ ጠበቀቻቸው። ዘንድሮ ደግሞ ብርዱ ሲዘገይባት ከፍሪጅ በረዶ እያወጣች ትበትንላቸው ጀመረች፤ የበረዶ አበባ ነው ካላችሁ በረዶውን ስጡት እንጂ ትላለች። ሳሮን እንኳ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ቦርሳዋን ሳታወርድ፣ እማማ ፍላወሩን ቼክ አደረግሽ ወይ ነው የምትላት።

ምናሴ የተሳፈረበት መኪና ጣርማ በር ላይ ሲገለበጥ ከአፈሩ በላይ ገና ምንም አልነበረም። አንቺ ደውለሽ ባረዳሽኝ ሳምንት አረንጓዴ ጫፍ ብቅ አለ። እማዬ ጓሮ ሆና እልል ስትል እኔ ጋራዥ ውስጥ አፌን በመዳፌ አፍኜ አለቅስ ነበር። ያኔ ነው ጋሽ ገብረ ሥላሴን የለመንኳቸው። እስኪፈነዳ ይቆዩልኝ፣ ይህችን አንዲት ደስታ ትያት አልኳቸው። ይሁን፣ ግን አርባው ሳይወጣ መስማት አለባት፣ ከዚያ ካለፈ ሐዘኗን ሰረቅናት ማለት ነው አሉኝ።

ምናሴ ለሥራ ጋምቤላ ሄዷል፣ እዚያ ስልክ አይሠራም ብለናታል። መጀመሪያ ላይ ሞክርልኝ እያለች ትጨቀጭቀኝ ነበር። ሰሞኑን መጠየቋን ትታለች፤ ይሄኛው ይበልጥ ያስፈራኛል። ሆድ ይፍጀው ይባላል፣ የእኔ ሆድ ግን ከዚህ በላይ አልቻለም።

ረቡዕ ዕለት ፈነዳች። ከዚያ ሁሉ ሥር አንዲት ብቻ ናት፤ ከአውራ ጣት ጥፍር የማትበልጥ፣ ነጭ፣ አንገቷን የደፋች። ጎረቤታችን በምርኩዝ መጥታ አየቻትና እማዬን አቅፋ አልለቅ አለች። ፎቶ ላንሳልሽ ብላት፣ ምናሴ ፎቶማ ውሸት ነው ይለኛል፣ ራሷን ይያዛት ብላ ቀጠፈቻትና ዳዊቷ ውስጥ አስገብታ አደረቀቻት። እዚህ ፖስታ ውስጥ ያለችው እሷ ናት፤ ስትከፍቺው እንዳትወድቅብሽ።

ነገ ማለዳ የእድሩ ሰዎች ይመጣሉ። ሐዊ የተዋሰችውን ወንበር ጋራዥ ውስጥ ደብቃዋለች። ይህ ሲደርስሽ እማዬ ሰምታለች። አንድ ወር ሙሉ ያጎረሰችኝን እጅ እያየሁ ስዋሻት ከርሜ፣ ከነገ በኋላ በምን ዓይን እንደምታየኝ አላውቅም። አርባው ዕለት መቃብሩ ዘንድ ስትሄዱ አበባዋን ከራስጌው አኑሪልኝ። እኔ ወንድሜን አፈር እንኳ አላለበስኩትም።

አሁን እማዬ መጥታ አጠገቤ ተቀምጣለች። ዓይኗ ደክሞ ጽሑፍ አታይም፤ ሰላምታውን ግን እሷው ናት በየስሙ የምታስጽፈኝ። ጋሽ አዲሱን እንደምን ከርመሃል በሉልኝ ብላለች። ልጆቹን ጉንጫቸውን ሳሙልኝ፣ ትልቋ በትምህርቷ ትበርታ ብላለች። ጎረቤታችሁን ዙሌይካን፣ አደራ የሰጠሁሽን ጤና አዳም ውኃ አትንፈጊው በሉልኝ ብላለች። ምናሴንስ ጻፍከው ወይ ስትለኝ፣ ገና ነኝ አልኳት። ጣቷን ወረቀቱ ላይ አኑራ እየጠበቀች ስለሆነ እንዳለችኝ ጽፌዋለሁ።

ለምናሴ፦ አበባዋ ይቻትልህ፣ ወጥታለች። አንተም ቃልህን እንዳታጥፍ።

ወንድምሽ ክፍሉ
ጋርላንድ፣ ቴክሳስ
ዓርብ፣ ጥር 29 ቀን 2001 ዓ.ም.