የእትብቱ ደም ለማን ይቀመጥ?

መስፍኔ፣ የቤቴ ጌታ፣

እንዴት ከረምክ ልልህ አልኩና አፈርኩ። ከተለየኸን ይኸው ሁለት ዓመት ሊሞላ ነው። እኛ እዚያው ወደቡ ሰፈር፣ ዴልፍስሃቨን ነን። የፎቃችን ደረጃ አሁንም አልተሠራም። ወደብ ስትሠራ የምትለብሰውን ጃኬት ለማንም አልሰጠሁም፤ ዝናብ ሲሆን እኔው እደርበዋለሁ።

ትልቁ ወሬ ግን ሄለናችን መውለዷ ነው። ከመውለዷ በፊት ያየነውንም ልንገርህ።

ለነፍሰ ጡሮች ባዛር አለ ብላ ዴን ሃግ ከተማ ይዛኝ ሄደች። እዚያ አንዲት ፈገግታዋ የማያልቅ ሴት ያዘችን። ልጅ ሲወለድ እትብቱ ውስጥ የሚቀረውን ደም በቅዝቃዜ የሚያስቀምጥ ድርጅት ሠራተኛ ናት። በቤተሰብ የታመመ አለ ወይ ስትል ሄለን ያንተን የደም ካንሰር ነገረቻት። ከዚያማ ማን ይልቀቃት! ዕድሉ አንድ ጊዜ ብቻ ነው፣ ጥሩ እናት አስቀድማ ታስባለች እያለች ልጅህን አስለቀሰቻት። አያቶች የሚገዙት የስጦታ ካርድ ሁሉ አላቸው።

እኔ ደግሞ እንደ እድራችን መሰለኝ፤ ሁሉም ያዋጣል፣ የቸገረው ያወጣል። እሰየው ብዬ፣ ስጦታው የኔ ይሁን ብዬ ገፋፋኋት።

ነገሩን ያስረዳችን ሄለንን የምትከታተላት አዋላጅ ናት። ያ ደም የሚቀመጠው ለከፈለው ቤተሰብ ብቻ ነው አለች። ላንተ ዓይነቱ በሽታ ደግሞ ሐኪሞች ብዙውን ጊዜ የሚፈልጉት የሌላ ሰው ነው፤ የራስ ደም በሽታውን ይዞ ሊመለስ ይችላል። ሄለን ግን ፍርሃቱ አልለቀቃትም። ሴትዮዋም ቅናሹ ሊያልቅ ነው እያለች ትደውላለች። አንድ ቀን ድንች እየላጥን፣

«እማዬ፣ አባዬን ያቆየልን የማን ደም ነበር?» አለችኝ።

«የማናውቀው ሰው» አልኳት።

 ያኔ ደሙን የሰጠህን ሰው ሐኪሞቹ ስሙን እንኳ አልነገሩንም እኮ፤ አንተ ግን ስትጸልይ «ያ ሰውዬ» እያልክ ታነሣው ነበር። ሴት ብትሆንስ ብዬ ስቄብህም አውቃለሁ። ሴትዮዋ ስትደውል ሄለን ይቅርብኝ አለቻት።

ወንድ ልጅ ነው፣ ግንባሩ ያንተ። አዋላጇ እትብቱን ቶሎ አልቆረጠችም፤ ደሙ ወደ ልጁ እስኪያልፍ ጠበቀች። ሄለን አራስነቱን ትጨርስና እንዳንተ ለታመመ ለማታውቀው ሰው ደሟን ለመስጠት ልትመዘገብ ነው።

እኔም አንተን ሳላነሣ አልተኛም፤ ካንተ ቀጥሎ ያንን ሰው።

ያንተው አልማዝ