ቤታችን ማደጉን እንዲያቆም ስለ መታዘዙ

ይድረስ ለክቡር የግንባታ ፈቃድ ኃላፊያችን፤

ለጤናዎ እንደምን ሰንብተዋል? እኔ ከነባለቤቴ፣ ከነግድግዳዬም ጭምር፣ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነኝ፤ ግድግዳው እንዲያውም ሰሞኑን አብቧል።

ይህን ግልጽ ደብዳቤ ለሚያነቡ፣ ለማያውቁንም ሁሉ ነገሩን ከሥሩ ልናገር። በዳባት ገጠር ቅኔ የማስተምር መሪጌታ ነኝ። ካቻምና የስሜን ነፋስ የባሕር ዛፍ ቤታችንን ከነቆርቆሮው ገንድሶ ጣለው። ባለቤቴ የሺወርቅም «ከእንግዲህ ሥር የሌለው ቤት አልገባም» አለችኝ። ስለዚህ እርጥብ የኮርች ግንዶችን ዙሪያውን አቀራርቤ ተከልኩ፤ በመካከላቸው ጭቃ መረግሁ፤ በላያቸው ሣር ከደንኩ። ኮርች ደግሞ የትም ቢተክሉት መብቀሉን አይተውምና ሥር ሰድዶ አቆጠቆጠ። ምስጋናዬ የሚጀምረው ከዚህ ነው።

፩ኛ. ተቆጣጣሪዎ አቶ ሚናስ ቤታችንን በሜትር ለክተው፣ ካምናው በአንድ ክንድ ከፍ ማለቱን ስላረጋገጡልን እናመሰግናለን። «ያለፈቃድ ፎቅ ተጀምሯል፤ ቤቱ በአስቸኳይ ማደጉን ያቁም» የሚለውን ትእዛዝዎን በቤቱ ፊት ቆሜ በዜማ ጭምር አነበብኩለት። በማግስቱ ከበሩ ራስ ላይ አዲስ ቅጠል አወጣ።

፪ኛ. ትእዛዝ አክብሬ ቅርንጫፉን ስቆርጥ፣ እኒያው አቶ ሚናስ «ደን ጨፈጨፉ» ብለው ከሰሱኝ። የሺወርቅ ወጥ የምትሠራው ደን ውስጥ እንደሆነ፣ እኔም ሕገወጥ የደን ሰፋሪ እንደሆንኩ ያወቅነው ያን ጊዜ ነው።

፫ኛ. ከሁሉ የምናመሰግንዎ ባለፈው ሰኞ ሊያስፈርሱን በአካል ስለመጡ ነው። የሺወርቅ ደጃፉ ላይ ተቀምጣ «መጀመሪያ እኔን ንቀሉኝ!» ስትል፣ እኔም ከአጠገቧ ተቀመጥኩ፤ ሌላ ቤት ለመሥራት ዕድሜውም አቅሙም የለንምና። ወዲያው በረዶ ወረደ። እርስዎ፣ አቶ ሚናስና መጥረቢያ የያዙት ሁሉ ተሯሩጣችሁ ከደናችን ገባችሁ። ውጭ የመኪናችሁ መስታወት ሲረግፍ፣ እናንተ ምድጃው ዙሪያ ቆሎ ትቆረጥሙ ነበር፤ አንዲት ጠብታ አልነካችሁም። የሺወርቅ ጋቢዋን ደረበችልዎ። «እግዜር ይስጥልኝ፣ እናቴ» ብለው ሳያፈርሱ ሲሄዱ፣ ዳንን ብለን ተቃቅፈን አለቀስን።

ትናንት ግን «ቤቱ ለሰው መጠለያ ስለማይሆን ይፍረስ» የሚል ውሳኔ በፊርማዎ ደረሰን። ክቡርነትዎ ሰኞ ዕለት የተጠለሉት በምንነት እንደነበር ቢያስታውቁን፣ ለወደፊቱ ቆሎውን ትተን ቅጠል ለማቅረብ እንዘጋጃለን። እስከዚያው ግን አንወጣም፤ መንደርተኛውም ከነገ ጀምሮ አብሮን ደጃፉ ላይ ሊቀመጥ ተማምሏል።

ባበበው ግድግዳችን ላይ በሰፈሩት ንቦች ስም ጭምር ዝቅ ብለው እጅ የሚነሡ፣ ሕገወጥ የደን ሰፋሪ፣
መሪጌታ ገሠሠ አለምነህ

ማስታወሻ፦ ዛሬ ጠዋት ዘበኛዎ ያርጋል መጥቶ፣ እርስዎ በግቢዎ እንደዚሁ ያለ ቤት ሊሠሩ አስበዋልና ከግድግዳችን ጥቂት ኮርች እንድንሰጥዎ ለመነን፤ ደስ ብሎን ሰጠነው። ሲያስተክሉት ወፍራሙን ወደ ታች፣ ቀጭኑን ወደ ላይ ያድርጉት፤ ተዘቅዝቆ የሚጸድቅ ነገር ያለው በእርስዎ ቢሮ ብቻ ነው።