አባባ አልበማችንን ሲሰሙ

ቅዳሜ፣ ኅዳር 14

ዛሬ ሞጣ ሄጄ ከጓደኞቼ ጋር የሠራነውን የፈንክ አልበም ለአባባ አሰማኋቸው። የስልሳዎቹን ድምፅ ለማምጣት ስንት ወር ለፍተንበታል! እሳቸው በዚያ ዘመን ባንድ ውስጥ ቤዝ ጊታር ይጫወቱ ስለነበር፣ ከማንም በላይ እሳቸው እንዲወዱት ፈልጌ ነበር።

የመጀመሪያው ዘፈን ሳያልቅ፣ "ይኼ ሽሽሽ የሚለው ምንድን ነው? ተበላሽቷል እንዴ?" አሉኝ።

"የድሮ ካሴት እንዲመስል ሆን ብለን የጨመርነው ነው።"

ትክ ብለው አዩኝ። "እኛ እኮ እሱን ለማጥፋት ስንት ጊዜ ደጋግመን ቀርፀናል። ጥሩ ዕቃ አጥተን እንጂ ወደነው መሰለህ?"

ስለ ቤዙ አንድ ቃል እንኳ አልተናገሩም። ተናድጄ ምሳ ሳልበላ ወጣሁ። ወደ ቢቸና ስመለስ አውቶብስ ውስጥ ደግሜ ከፈትኩት። አሁን ከዚያ ሽሽሽ በቀር ምንም አልሰማ አለኝ።