አንድ ቀዳዳ ያላቸውን ላፕቶፖች ለገዙልን ለክቡር አቶ ቃለጽድቅ

ለተከበሩ አቶ ቃለጽድቅ፣
የሰፈራችን የወጣቶች ማሠልጠኛ ማዕከል ሥራ አስኪያጅ፣
ከሃብተ ጊዮርጊስ ድልድይ ከፍ ብሎ ባለው ፎቅ፤

ክቡርነትዎ ሰላምና ጤና እንዲበዛልዎ፣ ወገብዎ ከዚያ ከሚሽከረከረው ወንበር ጋር እንደተስማማ እንዲቆይልዎ፣ የደም ግፊትዎም ይህን ደብዳቤ አንብበው እስኪጨርሱ ባለበት እንዲረጋ ከልብ እየተመኘሁ፣ ለመላው የአራዳና የፒያሳ ነዋሪ አንድ ከባድ ዜና ለማስታወቅ እገደዳለሁ። በማዕከላችን ለዘጠኝ ዓመታት በቅንነት ያገለገሉት የፍላሽ ቀዳዳ፣ የፕሮጀክተር ቀዳዳ፣ የኔትወርክ ገመድ ቀዳዳና የካሜራ ካርድ ቀዳዳ በአንድ የግዢ ውሳኔ ከመካከላችን ተለይተዋል። ለቅሶው ላይ ባለመገኘትዎ አልተቀየምንም፤ ገዳይ ለቅሶ ሲደርስ ደስ አይልም።

ስሜ ዑዘይር ይባላል። አሥረኛ ክፍልን ሁለት ጊዜ የተማርኩ በመሆኔ ከጓደኞቼ እጥፍ ተምሬያለሁ። አምና ሊፍቱ ላይ «ከዛሬ ጀምሮ በድምፅ ብቻ ይታዘዛል» የሚል ወረቀት የለጠፍኩት፣ እርስዎም በሩ ፊት ቆመው «ሦስተኛ ፎቅ» እያሉ ሲጣሩ የሰማሁት እኔ ነኝ። ትውውቃችን ይህን ያህል የቆየ ስለሆነ፣ ቅሬታዬን በድፍረት ሳይሆን በቤተሰብነት እንዲያዩልኝ እለምናለሁ።

አንደኛ። አዲሶቹን ስድስት ላፕቶፖች ባስመረቁ ዕለት «ዘመኑ የገመድ አይደለም፣ ሁሉ ነገር በአየር ነው» ብለው ስላስተማሩን እናመሰግናለን። እስካሁን በአየር የደረሰን ከታች ካለው ምግብ ቤት የሚመጣው የሽሮ ሽታ ብቻ ነው፤ ኔትወርኩ ደመና ባየ ቁጥር ይጠፋል። ላፕቶፖቹ ቀጭንና ቀላል መሆናቸውን ግን አልክድም። ከቴዎድሮስ አደባባይ እስከ ጊዮርጊስ ያለውን ዳገት በሁለት ጣት ይዞ መውጣት ይቻላል። ችግሩ ከወጡ በኋላ ምንም ነገር አለመሰካቱ ነው።

ሁለተኛ። ያለችው አንዲት ቀዳዳ ለቻርጀሩም ለሌላውም እሷው ናት። ስለዚህ ላፕቶፑ ሲበላ አይናገርም፣ ሲናገር አይበላም። ለዚህ መድኃኒት የምትሆን ሦስት ቀዳዳ ያላት አንዲት አዳፕተር ለስድስቱም ተገዝታለች፤ እንዳትጠፋ በማሰብም እርስዎ መሳቢያዎ ውስጥ ቆልፈውባታል። እንዲያውም እስከ ባለፈው ማክሰኞ ድረስ አንድም ቀን ሳትሠራ፣ አንድም ቀን ሳትጠፋ ኖራለች። ጥበቃ ማለት እንዲህ ነው።

ሦስተኛ፣ የእህቴ ነገር። ረይሀና ስድስት ዓመት ሙሉ ጊዮርጊስ አካባቢ ከአንድ ሕንፃ ደረጃ ሥር ጎንበስ ብላ ቀሚስ የሰፋች ልጅ ናት፤ ቀና ካለች ጭንቅላቷ ደረጃውን ይመታል። ማዕከሉ ለአምስት ወጣቶች የመሥሪያ ክፍል ለመስጠት ሲያወዳድር፣ እያንዳንዱ ተወዳዳሪ ሥራውን በፕሮጀክተር የሚያሳይበት አሥር ደቂቃ ተመደበለት፤ ያላሳየ ይሰረዛል ተባለ። እሷም የአርባ ቀሚስ ፎቶ በፍላሽ ይዛ፣ መስታወት ፊት ሁለት ሳምንት ተለማምዳ፣ ማክሰኞ ጠዋት ዳኞቹ ፊት ቆመች። ፍላሹ የሚገባበት የለም። የፕሮጀክተሩ ገመድ የሚገባበት የለም። ሰዓቱ ግን መቁጠር ጀምሯል።

እርስዎ ከስብሰባ ተጠርተው መጡ፤ የውሰት ቅጽ አስሞሉ፣ ፈረሙ፣ ማኅተም መቱ፣ መሳቢያውን ከፈቱ። አምስት ደቂቃ ሄደ። አዳፕተሯ በመዳፍዎ ላይ እንደ ሙሽራ ታጅባ ገባች፤ ጉዱ የታየው ያኔ ነው። ንብረት ክፍላችን ከወንበር እስከ መጥረጊያ ቁጥር ሳይለጥፍ የሚያልፈው ነገር ስለሌለ፣ አውራ ጣት በምታህለው አዳፕተር ላይም ረጅሙን የንብረት ቁጥር ወረቀት ጠምጥሞባት ሦስቱንም ቀዳዳዎቿን ደፍኗቸዋል። በጥፍሬ ልልጠው እጄን ስዘረጋ «አትንካ አንተ፣ ቁጥር የሚነሳው በኮሚቴ ነው» ብለው መቱኝ። ረይሀና ፍላሿን ጨብጣ፣ ልክ ደረጃው ሥር እንዳለች፣ ጎንበስ አለች።

ያዳኑን የጥበቃው ጋሽ አባይነህ ናቸው። እርስዎ «ጊዜው ያለፈበት» ብለው ያባረሩትን ጥቁር ወፍራም ላፕቶፕ፣ የጥበቃ ቤቱን መስኮት ከደገፉበት አንስተው፣ አቧራውን በካፖርታቸው እጅጌ እየጠረጉ «በይ ልጄ፣ ይሄ እንኳ ዙሪያው ቀዳዳ ነው» ብለው አቀበሏት። እንደ ወፍጮ እየጮኸ ተነሳ። ፍላሹ ገባ፣ ገመዱ ገባ፣ ቻርጀሩም በራሱ በር ገባ፤ ማንም ማንን አልገፋም። በቀረችው አንድ ደቂቃ ተኩል ከአርባው ቀሚስ ዘጠኙ ግድግዳው ላይ ታዩ።

አራተኛ። ከዚህ ሁሉ በኋላ ያንኑ ዓይነት ላፕቶፕ ስድስት ለመጨመር ማሰብዎን ሰምተን በጽናትዎ ተደንቀናል። ምናልባት ከመግዛትዎ በፊት ሻጩን «ፍላሽ የት ይገባል?» ብለው ቢጠይቁት ክብርዎ አይቀንስም። ይህን ጥያቄ ልብስ ሰፊም ይጠይቃል።

እንግዲህ እውነቱን ከተነጋገርን ነገሩ ትንሽ ነበር። ረይሀና አራተኛ ወጥታ ክፍሏን አግኝታለች፤ ከሰኞ ጀምሮ ቀና ብላ ትሰፋለች። ያ ኮሚቴ የሚያስፈልገው ቁጥርም፣ እርስዎ ወደ ስብሰባዎ ሲመለሱ በጥፍሬ ሞክሬው፣ አንድ ጊዜ እስክተነፍስ እንኳ አልቆየም። ጥፍር ለምታህል ወረቀት ይህን ያህል ስለጻፍኩ ይቅርታዎን እጠይቃለሁ።

አንድ ቀዳዳ ለሁሉ ይበቃል ብለው ያመኑትን ታላቅ ሰው በማክበርና የምሰካበት አጥቼ በመንከራተት የጸናሁት፣

ዑዘይር፣ የረይሀና ታናሽ ወንድም

ማሳሰቢያ፦ የላጥኩትን የንብረት ቁጥር አልጣልኩትም፤ የማዕከሉ ንብረት ነውና በቢሮዎ በር የቁልፍ ቀዳዳ ላይ አሳምሬ ለጥፌዋለሁ። ዛሬ ጠዋት ቁልፉ አልገባ ካለዎት እባክዎ በጥፍርዎ እንዳይነኩት፤ ኮሚቴው እስኪሰበሰብ ጋሽ አባይነህ ወንበር ያወጡልዎታል።