የጓሮው እሳት

የሻዬ፣ ዓለሜ፤

ከተለየሽኝ ዓመት ሊሞላ ነው። ለሙት ዓመትሽ ድንኳን ከደጃችን ይተከላል፤ ስለዚህ ግቢው መጽዳት ነበረበት። ያንቺን ሥራ እኔ ሠራሁት። ልንገርሽ።

ቤቱ ያው ነው። ያውም አይደለም። ጌሾው አድጎ መንገድ ዘግቶ ነበር፤ ከረከምሁት። የባሕር ዛፉ ቅጠል ጓሮውን ሞልቶታል። ልጃችን ከማርቆስ መጥታ ታግዝህ ቢሉኝም አልጠበቅኋትም።

ቆሻሻውን የማቃጥልበትን ጉድጓድ ከቤቱም ከአጥሩም ርቄ ቆፈርሁ። ዙሪያውን ያለውን ደረቅ ሣር ነጨሁ። ፌስታሉን፣ የላስቲክ ጫማውን፣ የሬዲዮ ባትሪውን ለየሁ፤ ጭሱ ደረት ይይዛል ትዪ ነበር። ያኔ የፍሊት ቆርቆሮ ከቆሻሻው ጋር ጥዬ የፈነዳ ለታ፣ ባሌ ከቆርቆሮ ሸሸ እያልሽ ለሰፈሩ ሁሉ አወራሽብኝ። ዘንድሮ ቆርቆሮ የለም። ፈትሼአለሁ።

ጠዋት ነበር፣ ጤዛው ሳይነሣ። ውኃ በጀሪካን አቀረብሁ። አውድማ ላይ እንደምናደርገው አንድ ጭብጥ ገለባ ወደ ላይ ወረወርሁ፤ እግሬ ሥር ወደቀ። ነፋስ የለም። ለኮስሁ። ጥቂት በጥቂት ጨመርሁ። ጭሱ ቀጥ ብሎ ወጣ። እችላለሁ አልሁ በልቤ። ችያለሁም።

ነዶ ሲያልቅ አመዱ ላይ አፈር መለስሁበት። አንቺ ማታ ማታ ምድጃው ላይ አመድ ስትመልሺ እንዳየሁት። ገብቼ ታጠብሁ። ልወጣ ጫማዬን ሳስር ድንገት እጄ ቆመ።

አንቺ እኮ ፍሙን የምታዳፍኚው እንዳይሞት ነበር። ጠዋት አመዱን ገለጥ አድርገሽ በዚያው ታቀጣጥዪ ነበር። እኔ እሳቱን አላጠፋሁትም። አስተኛሁት።

የዚህን አገር የቀትር ነፋስ ታውቂዋለሽ። ከአጥሩ ማዶ የእትዬ አንጓች የጭድ ክምር አለ፤ በሬዎቻቸው እስከ ክረምት የሚበሉት ሌላ የላቸውም። ሮጥሁ። ከአፈሩ ቀጭን ጭስ ይወጣል፤ ወደ ክምሩ ዘምሟል። በአካፋ ገለበጥሁት፤ ፍሙ ቀይ ነበር። ውኃ ደፋሁበት፤ አማሰልሁ፤ ደግሞ ደፋሁ። እትዬ አንጓች በአጥሩ ላይ ብቅ ብለው፣ እንዲህ ባለሙያ ከሆንህስ የእኔንም ገንፎ ና አማስልልኝ ብለው ቀለዱብኝ። ሳቅሁ። ምን እንደማጠፋ አላወቁም። መሰለኝ።

ጭቃውን በመዳፌ ዳሰስሁት። ቀዝቅዟል። ነፋሱ ጭዱን እያመሰ አለፈ፤ ምንም አልሆነም። እንደገና ዳሰስሁት።

የሻዬ፣ አንቺ ከሄድሽ ወዲህ ምድጃችን ጠፍቶ ያድር ነበር። ጠዋት ጠዋት ክብሪት ፍለጋ ነው። ዛሬ ግን አዳፍኜዋለሁ፣ እንደ እጅሽ ባይሆንም። የውጭውን ውኃ አጠጥቼ አጠፋለሁ፤ የቤቱን አሳድራለሁ። እኔ በሕይወት እስካለሁ፣ አንቺን ሳላስብ የሚመሽ ማታ አይኖርም።

ባልሽ