የእማዬ ያልሆነው ቀበቶ

እትዬ ሱክጃ፣

የሩዝ ገንፎ ድስት ውስጥ አለ፤ አሙቀሽ ብዪ። ጋዙን ዘግቼዋለሁ።

ፖሊሶች ከእማዬ አስከሬን ጋር የመለሱልንን የመጥለቂያ ቀበቶ ይዤው ወጥቻለሁ። ጠላቂን ወደ ታች የሚያሰምጥ አሥር የእርሳስ ብረት ቁራጭ አለበት። እማዬ የምትጠልቀው በስድስት ነበር። አክስት ማልሱን «አንቺ ሲባጎ፣ ለአንቺ ስድስት መች አነሰሽ፤ ይሄ የኔ ሥጋ ግን ያለ አሥር አይሰምጥም» እያለች የምትስቅባትን ረሳሽው?

አክስቴ ለፖሊስ «ብቻዋን ነው ባሕር የገባችው፤ እኔ ያን ቀን ከቤት አልወጣሁም» ብላለች። ታዲያ የእሷ ቀበቶ እማዬ ወገብ ላይ ምን ይሠራል? ምናልባት መልስ ይኖራት ይሆናል። ሳልሰማት አልፈርድባትም።

አንቺ ግን ራስሽ ጠላቂ ነሽ። ከፖሊሶቹ ስትቀበዪው ክብደቱን እጅሽ አውቆታል። ስጠይቅሽ «ሞታለች በቃ፤ እርሳስ ቆጥረህ አትመልሳትም» አልሽኝ።

ስለጮኽኩብሽ ይቅር በይኝ። ስለ ጩኸቱ ብቻ።

አክስቴ ቀበቶውን ፈልጋ ከመጣች፣ ቴሆ ወሰደው በያት።

ፖሊስ ጣቢያ የምሄደው በአውቶቡስ ነው። የመጀመሪያውን አሳልፈዋለሁ። ሁለተኛው እስኪመጣ ፌርማታው ላይ ተቀምጬ እጠብቅሻለሁ።

ቴሆ