የርብ መሻገሪያ ቆጠራ

መስከረም 19፣ ከቀኑ 11፡30

እግረኛ 64። የጭነት አህያ 22። በቅሎ 3። መኪና 0። ይህ የመኪና ዓምድ በየቀኑ ያስቀኛል። ውሃው ወገብ ይደርሳል፤ በየት በኩል ይመጣል? ቅጹ ከጠየቀ ግን እሞላለሁ።

ደብተሬ፣ ላንተ ብቻ ልንገርህ፤ ሥራዬን ወድጄዋለሁ። ጥናቱ የሚጠይቀው ከሃያ ዓመት በኋላ በፎገራ ሜዳ ምን ያህል ሰውና ጭነት እንደሚመላለስ ነው። የዛሬውን ቆጥረው የወደፊቱን ያሰላሉ አሉ። ቁጥሩ ከሞላ ርብ ላይ ድልድይ፣ ከድልድዩ እስከ ሐይቁ ዳር ጥርጊያ መንገድ። ካልሞላ ገንዘቡ ወደ ሌላ አውራጃ ይሄዳል። ከኔ በፊት የነበረው ቆጣሪ ዛፍ ሥር ተኝቶ ከሆዱ እያወጣ ሲጽፍ ተይዞ ተባሯል። ሹሜ ይህን ሦስት ጊዜ ነገረኝ። አንዴ ይበቃኝ ነበር።

የምቀመጠው በወረታ በኩል ባለው ዳር ነው። የማድረው ማዶ፣ አያ ፈንቴ ቤት። ጭቃ ሹሙ አዘዋቸው እንጂ ወደው አልተቀበሉኝም። ሚስታቸው ወ/ሮ ውባለም ግን የሰው አገር ሰው ነው ብለው እርጎ አይነፍጉኝም። ጧትና ማታ እኔም እሻገራለሁ። ራሴን አልቆጥርም።

መስከረም 22፣ ማታ

የገበያ ቀን ነው። እግረኛ 9። አህያ 0። ዝናብ የለ፣ በዓል የለ። ያለፈው ገበያ አህያው ለአህያ ቦታ አልለቅ ብሎ ነበር። አያ ፈንቴን ጠየቅኋቸው፤ ሰው ሽምብራ ሊዘራ ነው አሉ። ዓይናቸው ግን መሬት መሬት ያያል።

መስከረም 23

እግረኛ 6። ስድስቱም ሸክላ ሠሪዎች፣ ጀርባቸው ላይ እንስራ። ታየች የምትባለዋ ሴት ቆማ ሳቀችብኝ። ሁሉን ያወቅሁት ከሷ ነው። ቄሱ አባ አድማሱ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ አገሩን በመስቀል ገዝተዋል፤ ቆጣሪው እስኪሄድ ሰውም ከብትም ፊቱ እንዳይደርስ። ከዚህ በፊት የቆጠረ ሁሉ ግብር ጎትቶ መጥቷል። እናንተስ ብላት፣ የሳቸው ቤተ ክርስቲያን ሰዎች ስላልሆንን ግዝቱ አይዘንም አለች። ሌላው የት ይሻገራል? ከታች፣ ውሃው ጭቃ በሚሆንበት በኩል። ያ ደግሞ ጥልቅ ነው።

ተናደድኩ። በቅጹ መሠረት ፎገራ ውስጥ ከእንስራ በቀር የሚጓዝ የለም።

መስከረም 24

አባ አድማሱ ዘንድ ሄድኩ። መስቀል ተሳለምኩ። ስለ ድልድዩ አስረዳኋቸው፤ ቁጥሩ ካነሰ ድልድይ የለም፣ የምቆጥረው ለግብር አይደለም፣ በማርያም! ታግሰው ሰሙኝ። ከዚያ፣ «ልጄ፣ መንገዱ ሲያልቅ ቀድሞ የሚመጣበት ማን ነው? ሐኪሙ ነው ወይስ ግብር ሰብሳቢው?» አሉ።

ደግሜ ተሳልሜ ወጣሁ። 

መስከረም 26፣ ጧት

ወ/ሮ ውባለምን ወባ ጥሏቸዋል። ሌሊቱን ሲቃዡ አደሩ። ወረታ ክሊኒክ ይውሰዷቸው አልኩ። አያ ፈንቴ እናያለን አሉ። ከታች እንዳይሻገሩ ለመንኩ፤ ላይኛው ድንጋያማ ነው፣ እግር ይይዛል፣ እኔ ፊቴን አዞራለሁ አልኩ። «ተግዝት የሚያወጣኝ አንተ ነህ?» አሉኝ።

እግረኛ 4።

መስከረም 27

 ልጻፈው።

3 ሰዓት ገደማ። ቃሬዛ የያዙ ሰዎች ማዶ ብቅ አሉ፣ ስምንት ይሆናሉ። አያ ፈንቴ ከፊት። ውሃው ዳር ደርሰው ቆሙ። ከላይ ለመሻገር አስበው እንደመጡ ገባኝ፤ የጨነቀው ግዝትም ይደፍራል። እኔን አዩ። ተነስቼ መሸሽ ነበረብኝ። ከዛፍ ጀርባ መደበቅ፣ መሬት ላይ መተኛት፣ ምንም። እኔ ግን ተነስቼ ኑ፣ ኑ፣ አልቆጥርም እያልኩ እጄን አወናጨፍኩ። በእጄ ላይ ቅጹ ነበር። ወረቀቱን እያውለበለብኩ ነው አልቆጥርም የምለው!

ተመለሱ። በዳሩ ይዘው ወደ ታች ወረዱ። በዚህኛው ዳር እየሮጥኩ ተከተልኳቸው። ስደርስ መሀል ገብተዋል። የፊተኛው ሰው ድንገት እስከ አንገቱ ሰመጠ። ቃሬዛው ተገለበጠ። ተሸካሚዎቹ ዋኝተው ወጡ። ወ/ሮ ውባለም ግን እንዳይወድቁ ተብለው ቃሬዛው ላይ በጠፍር ታስረው ነበር።

የተገኙት በ9 ሰዓት፣ ደንገሉ ውስጥ።

መስከረም 28

ቀብር። ከሩቅ ቆምኩ። ፊታቸውን አዙረው አለፉኝ። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር። አያ ፈንቴ ቤት አልገባሁም፣ ሸክላ ሠሪዎቹ ዘንድ አደርኩ። ታየች ቁና ሙሉ ቆሎ አስቀምጣልኝ ወጣች።

መስከረም 29፣ 5 ሰዓት

ሹሜ በጂፕ እስከ ወንዙ ዳር መጣ። ለወንዙ የመጀመሪያ መኪና። ቅጾቹን ደመረ። ራሱን ነቀነቀ። በዚህ ቁጥር ድልድይ አይታሰብም። ስለ ግዝቱ ነገርኩት፣ ስለ ሴትዮዋም። አዘነ፤ ክፉ ሰው አይደለም። ቅጹ ግን የምክንያት ዓምድ የለውም አለ። እንደገና እንቁጠር አልኩ። የጥናቱ ገንዘብ የሚያበቃው በዚህ ወር ነው፣ ወረቀቱ ነገውኑ ወደ አዲስ አበባ ይሄዳል አለ። በጭነት መኪና ጎንደር ድረስ እንድከተለው አዘዘኝ። ሲለየኝ ትከሻዬን መታ አድርጎ፣ አንድም የፈጠራ ቁጥር ያላገኘሁብህ አንተ ብቻ ነህ አለኝ።



ለሰልስቱ ብዬ ቀረሁ።

ጥቅምት 1፣ ከቀኑ 10 ሰዓት

ጧት በርጩማዬን ላነሳ ወደ መሻገሪያው ወረድኩ። ማዶው በሰው ጠቁሯል። አባ አድማሱ ከፊት፣ መስቀላቸውን ከፍ አድርገው። ትናንት በሰልስቱ ላይ ግዝቱን ፈትተዋል። እሳቸው ናቸው ቀድመው ውሃው የገቡት። ደርሰው፣ «ቁጠረን» አሉኝ። 

መጡ። በሬ፣ ላም፣ አህያ፣ በቅሎ፣ ልጅ ያዘለች፣ በምርኩዝ የሚሄድ። ገበያ የላቸውም፣ ጭነት የላቸውም። አንድ ባንድ እየወጡ ፊቴ ይቆማሉ፣ እጄን ያያሉ፣ እርሳሱ ወረቀት ሲነካ አይተው ያልፋሉ። ቅጽ የለኝም። ደብተሬ፣ አንተን ገልጬ ባንተ ላይ ጻፍኩ። ወረቀቱ ሄዷል ለማለት አፌን ሦስት ጊዜ ከፈትኩ። ሦስቱንም ጊዜ ቁጥር ጻፍኩ። ፈሪ ነኝ።

እግረኛ 412። ከብት 530። አህያ 97።

አያ ፈንቴ መጨረሻ መጡ። ከብት አልነዱም። ልብሳቸው ከነጭቃው ነው። ፊቴ ቆሙ። ከዚያ፣ «እኔን አንድ በል። እሷንም አንድ በል» አሉ።

ሁለት ጻፍኩ።

ነገ ጎንደር አልሄድም። መጀመሪያ አባ አድማሱ ዘንድ ሄጄ ቆጠራው ከትናንት በስቲያ ማለቁን እነግራቸዋለሁ። ከሳቸው ቀጥሎ ለአያ ፈንቴ።